ለማድቤት አንድ ሽቦ

አባቴ በቤታችን የመብራት ሽቦ የዘረጉት በገዛ እጃቸው ነው። ሙያቸው ሌላ ነበር፤ የመንገድ ሥራ ማሽኖች ሜካኒክ ነበሩ። "ዶዘር ፈትቶ የገጠመ ሰው አምፖል ማብራት ያቅተዋል?" ብለው ጀመሩት፣ ጨረሱትም። ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። አምፖሉ የበራ ዕለት እናቴ እልል አለች፣ እኔ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ ቀጭ ሳደርግ በኩርኩም ተመታሁ፣ አባቴም ሳምንቱን ሙሉ በሰፈሩ ውስጥ ደረታቸውን ነፍተው ዋሉ።

ያ ሽቦ ሠላሳ ዓመት አገለገለን። ባለፈው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ሊያቃጥለን ደረሰ። የውሃ ማፍያዬን ሶኬት ላይ ሰክቼ ፊቴን ሳዞር ከኮርኒሱ ጭስ ይወጣል። ኮርኒሳችን የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ኖራ የተቀባ ነው፤ እሳት ቢይዘው ከእኛ አልፎ ለጎረቤትም አይመለስም። ሮጬ ከቆጣሪው ሥር ያለውን ማጥፊያ አወረድኩት። አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሡ "ምንም አይደል፣ አቧራ ነው" አሉ። አቧራ! ኧረ በሕግ አምላክ፣ የሚጨስ አቧራ ማን አይቶ ያውቃል?

እናቴ ካረፈች ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። እኔ ቦንጋ ከተማ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ደመወዜ አስቤዛችንንና የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት ከሸፈነ በኋላ የሚተርፈኝ ተመስገን ማለት ብቻ ነው። መጀመሪያ የጠራሁት ኤሌክትሪሻን ቤቱን ገርመም አድርጎ ዋጋ ሲነግረኝ "እንካ ቤቱን ሽጠውና መልሱን ስጠኝ" አልኩት። ተቀይሞኝ ሄደ። ምን ላድርግ፣ እግዜር ትዕግሥት ሲያድል እኔ ተራዬ አልፎብኛል።

ሁለተኛው ከወሎ ተመድቦ መጥቶ በሙያ ማሠልጠኛ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር፣ ፀጉሩ ሸሸት ያለ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የግል ሥራ ይሠራል። ጣሪያውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እኔንም አየና "እህቴ፣ ባንዴ አንችለውም። በየደመወዙ አንድ አንድ ክፍል እንሥራ። ግድግዳ መፈልፈሉን አንቺው ከሠራሽ የእጄ ዋጋ በዚያው ይቀንሳል" አለኝ። ደስ ብሎኝ መዶሻና መሮ ከጎረቤት ተዋስኩ።

የጭቃ ቤት ለማያውቅ ሰው ልንገር። በየዓመቱ ለመስቀል ግድግዳው ይለቀለቃል። ስለዚህ የአባቴ ሽቦ ሠላሳ ጊዜ ጭቃ ለብሷል፤ ያውም ባብዛኛው በእኔ እጅ። በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን እያንኳኳሁ፣ ባዶ ድምፅ የሰጠኝን ቦታ እፈለፍላለሁ። ሽቦ ከሽቦ የሚገናኝበት ሳጥን አልነበረም፤ አባቴ ጫፍ ለጫፍ ጠምዝዘው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ ጭቃ መርገውበታል። ፌስታሉ ቀልጦ ከሽቦው ጋር ተጣብቋል፣ የቀረውን አይጥ በልታዋለች።

"አባባ፣ የጓዳው ሽቦ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?" እላቸዋለሁ።

"ፈልጊው። የምታፈርሺው አንቺ አይደለሽ?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አባቴ ሞኝ አይደሉም፣ ግን አይለቁም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው በሥራው የገቡት፤ ለሬዲዮናቸው የሚሆን ሶኬት ከወንበራቸው አጠገብ ካልተሠራ ማንም ሳሎን እንዳይገባ አሉ። ተሠራላቸው። በጠቅላላው ቤት ሦስት ሶኬት ነው አቅማችን የፈቀደው፣ አንዱ የሬዲዮ ሆነ።

ያልቆጠብንበት ነገር አልነበረም። የድሮዎቹን የሸክላ ማብሪያ ማጥፊያዎች ፈትቼ በሳሙና አጠብኳቸው፤ መምህሩ አገላብጦ አያቸውና "የዛሬው ፕላስቲክ የእነዚህን እግር አያጥብም" ብሎ መልሶ ገጠማቸው። ቢታ ገነት ከተማ ሱቁን የሚዘጋ ነጋዴ የተረፈውን ሽቦ በቅናሽ ይሸጣል ሲባል አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ ስመለስ ጥቅሉን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ረዳቱ "የዕቃ ክፈይ" ሲለኝ "ልጄ ነው" ብዬው ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሳሎኑ፣ ከዚያ የአባቴ መኝታ ቤት፣ ከዚያ የእኔ ተሠራ። ማድቤቱ ቀረ።

ወደ ማድቤቱ ከመግባቴ በፊት ስለ ጎረቤታችን መናገር አለብኝ።

ከጓሯችን አጥር ጀርባ አንዲት ሴት ይኖራሉ። አሁን "ይኖራሉ" እላለሁ፤ ያኔ ግን በዕድሜ ከእናቴ የሚበልጡ ሆነው ሳለ ሕፃኑም ሽማግሌውም "አንቺ" ነበር የሚላቸው። ወገናቸውን በስም አልጠራም፤ ስሙ ራሱ እንደ ስድብ ሲነገር ኖሯልና። ካፋ ያደገ ሰው ያውቃል፤ ከጫካ ዳር መጥተው ማገዶና ከሰል የሚሸጡ፣ ሰው ቤት ሲመጡ ከደጅ የማያልፉ፣ ውሃ ሲጠማቸው በብርጭቆ ሳይሆን በኮባ ቅጠል ይሰጣቸው የነበረ ሰዎች ናቸው። እርሳቸውና ባላቸው ከእኛ ጀርባ ቤት ሠርተው ሲገቡ ሰፈሩ አጉረመረመ። እድር እንግባ ብለው ሲጠይቁ ደግሞ ይብሱን አጉረመረመ። ላማችን የሞተችው በዚያ ዓመት ነው።

መብራት በገባልን በዓመቱ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ነበር። የቦንጋ ዝናብ ሰማዩ የተቀደደ ያህል ይወርዳል፤ እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ አልነድ ስላለ፣ አባቴ በዚያው ሰሞን የገዙት የኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠዋት ጀምሮ ትልቁ ድስት ተጥዶበታል። ጎረቤታችን ማገዶ ሊሸጡ በጓሮ በር መጡ። በረቱ የማድቤቱን ግድግዳ ተደግፎ የተሠራ ነው፤ ላሚቱ ቆማለች፣ እኔ ጥጃዋን ይዣለሁ። ሴትዮዋ ሸክማቸውን አውርደው ላሚቱን አዩና "ኧረ ጡት! ይቺ ላም ሰፈሩን ሁሉ ታጠጣለች" ብለው ሳቁ። እግዜር ይጠብቃት አላሉም። እናቴ ማገዶውን እርጥብ ነው ብላ ሳትገዛቸው ሄዱ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ላሚቱ አንድ ጊዜ አጓርታ ወደቀች። ደም የለ፣ እብጠት የለ፣ አረፋ የለ፤ ጤነኛ ላም ቆማ እያመነዠከች ሞተች። ለማኅበሩ የመጣው ሰው ሁሉ በረቱን ከቦ "ማን መጥቶ ነበር?" ሲል የተናገርኩት እኔ ነኝ። "ያቺ ከሰል ሻጯ ጡቷን አይታ ነበር፤ ሰፈሩን ታጠጣለች አለች" አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ሰው ሁሉ ሲያዳምጠኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር ዛሬም አስታውሳለሁ።

አባቴ የእድሩ ዳኛ ነበሩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው "ላሜን የበላች ሴት ከሚስቴ ጋር በአንድ ድንኳን አትቀመጥም" አሉ። አለቀ። ሴትዮዋ ዓይነ ክፉ ናቸው ተባለ፤ ሰው ከሰላቸውን መግዛቱን ባይተውም ልጁን ሲያዩበት ይሸፍን ጀመር። እድር የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ያየሁት ከጥቂት ዓመት በኋላ ባላቸው ሲሞቱ ነው። ድንኳን የለም፣ ወንበር የለም፣ ጡሩንባ የነፋ የለም። ስድስት ዘመዶቻቸው ከጫካው በኩል መጥተው በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ሄዱ። እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ቆይታ "የባሰ አታምጣ" ብላ ገባች። ከቤታችን ማንም አልወጣም።

እንግዲህ እኛ ሽቦ በምንዘረጋበት ሰሞን እኚህ ሴት ታመው ተነሡ። ሞትን ፈርተው ይሁን አላውቅም፣ ለእድሩ ጸሐፊ "ሳልሞት መዝግቡኝ፤ ጎረቤት ይቅበረኝ" ብለው ላኩ። ሌላ የጠየቁት የለም። ጉዳዩ በወሩ መጨረሻ እሑድ ሊታይ ተቀጠረ። አባቴ ዳኝነቱን በእርጅና ቢተዉም ቃላቸው አሁንም ይሰማል፤ ጸሐፊው ቤት ድረስ መጥቶ ሲጠይቃቸው "ያኔ ያልኩትን ብያለሁ" አሉት። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። በዓይን ነገር አምናለሁ አልልም፤ ግን ላሚቱ ስትወድቅ አይቻለሁ።

የማድቤቱ ተራ የደረሰው በዚያው ወር ነው።

ማድቤታችን ከዋናው ቤት ሃያ እርምጃ ይርቃል፤ ሽቦ የሚበላው እሱ ነው። እንዲያውም ልተወው አስቤ ነበር። መምህሩ "አሮጌውን እንየው፤ ደህና ከሆነ እንጠቀምበታለን" አለና መሰላል ላይ ወጣ። ወረደ። ወደ ማድቤቱ ሄዶ አምፖሉን አበራ፣ አጠፋ። እንደገና ወጣ።

"እህቴ፣ ወደ ማድቤት የሚሄደው አንድ ሽቦ ነው።"

"አንድ ቢሆንስ?"

"አምፖል በአንድ ሽቦ አይበራም።"

"ይኸው በርቶ የለ እንዴ!"

"እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው" አለ።

ከአምፖሉ የሚወጣውን ሁለተኛ ጫፍ በእጁ እየዳሰሰ ተከተለው። በምሰሶው ጀርባ ተደብቆ ወርዶ፣ በግድግዳው ግርጌ በቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣና መሬት ይገባል። መምህሩ ሄዶ ከቆጣሪው አጠፋና "ቆፍሪ" አለኝ። በዶማ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደመታሁ ብረት ጮኸ። ከማሽን የወጣ ወፍራም ዘንግ ነው፤ ሽቦው አናቱ ላይ ተጠምጥሞበታል።

መምህሩ ቁጢጥ ብሎ ዘንጉን አየው። ከዚያ ተማሪ እንደሚያስተምር አስረዳኝ፤ ኮረንቲ ሄዶ መመለስ አለበት፣ ለመሄጃ አንድ ሽቦ፣ ለመመለሻ አንድ ሽቦ። አባቴ ለመመለሻው ሽቦ ሲያጥራቸው መሬቷን ራሷን መመለሻ አደረጓት። "ብልህ ሰው ናቸው" አለ። "ሰው አለመሞቱ ግን የእግዜር ሥራ ነው። አምፖል ብቻ ሲሆን ብዙም አይጎዳ ይሆናል። እዚህ ማድቤት ውስጥ ከበድ ያለ ዕቃ ተጠቅማችሁ ታውቃላችሁ? ምድጃ ምናምን?"

"ነበረን። ግን አይግልም ነበር። እናቴ ድስቱ ሳይፈላ ጾሙ ይፈታል እያለች ትራገመው ነበር።"

"እንዴት ይግላል? ኃይሉ እኮ መንገድ ላይ መሬት ውስጥ እየቀረ ነው። በዝናብ ጊዜ ምድጃው በርቶ በዚህ ብረት ዙሪያ በባዶ እግሩ የቆመ ሰው..." አለና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "በከብት ደግሞ ይብሳል። የፊትና የኋላ እግሩ ስለሚራራቅ ኮረንቲው በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልቡን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ቆሞ ሳለ ይወድቃል፤ ምልክትም አይተው። ለመሆኑ እዚህ ቦታ ምን ነበር?"

ዶማውን ለቀቅኩት። የቆምኩበት ቦታ በረቱ ነበር። ላሚቱ የኋላ እግሮቿን የምታሳርፍበት ቦታ፣ እኔ ጥጃዋን ይዤ የቆምኩበት ጥግ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ጭቃው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። መምህሩ ነዘራት ብሎ ደንግጦ እጄን ያዘኝ። "አልነዘረኝም" አልኩት።

አባቴ ሳሎን ሬዲዮ ያዳምጣሉ። በጭቃ እጄ ገብቼ ሬዲዮኑን አጠፋሁባቸው፤ በዕድሜዬ አድርጌው አላውቅም።

"አባባ፣ የማድቤቱ መብራት መመለሻው መሬት ነው?"

"ነው" አሉ፣ ኮራ ብለው። "ሽቦ ቢያጥረኝ በመሬት መለስኩት። መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ሲሠራ ያየሁት ነው። ይኸው ሠላሳ ዓመት በርቶ የለም?"

"ብረቱን በረቱ ውስጥ ነው የቀበሩት።"

"እርጥበት ይፈልጋላ። በረት እርጥብ ነው።"

"ላሚቱ የምትቆመው እሱ ላይ ነበር።"

የጠፋውን ሬዲዮ ማብሪያ ያሻሹ ጀመር። አባቴ የማያውቁትን ሲሰሙ ይከራከራሉ። አሁን አልተከራከሩም።

"ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ያን ዕለት አላወቅኩም፤ በማርያም ስም እምላለሁ" አሉ፣ ቀና ሳይሉ። "ከዓመት በኋላ ነው። በረቱን ልጠርግ በባዶ እግሬ ስገባ አንሥቶ ጣለኝ። እናትሽ ምድጃውን አብርታዋለች። ያኔ ገባኝ።"

ትዝ አለኝ። በዚያ ሰሞን ምድጃው ተበላሸ ተብሎ ተጣለ፣ በረቱም ወደ ታችኛው አጥር ተዛወረ። ቦታው አይረባም ነበር የተባልነው።

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"በእድር ፊት የተናገርኩትን በምን አፌ ልመልሰው?"

"ባላቸው ሲሞቱስ? እንደዚያ በቃሬዛ ሲወጡ እያዩ?"

"አንቺ ነሽ እኮ አየሁ ያልሽው!" ብለው ጮኹ።

እውነታቸውን ነው። እውነት ስለሆነም ይበልጥ ተናደድኩ። "እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እርስዎ ዳኛ ነበሩ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ አይደል? እሑድ እርስዎ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ" አልኳቸው።

"አባትሽን በአደባባይ ልታዋርጂ?"

"አዎ" አልኩ፣ ወጣሁ፣ ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለአባቴ ይሁን ለሴትዮዋ ይሁን ለራሴ ለይቼ አላውቅም። ይበልጡን ለራሴ ይመስለኛል፤ ያን ቃል ስናገር ደስ ያለኝ እኔ ነበርኩና።

መምህሩ ከደጅ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ሽቦ ለክቶ ቆርጦ ሲጨርስ ቀስ ብሎ "ያንን ዘንግ አውጥተን ቆጣሪው ጋ እንቅበረው፤ ለመሬት መስመር ይሆነናል። አዲስ ከምትገዢ" አለኝ።

"ዓይኔ እንዳያየው! ወንዝ ጣለው!"

"ብረቱ ምን አጠፋ?" አለ። "ቦታውን ስቶ ነው እንጂ፣ በደንብ ከገጠምነው ሰው የሚያድነው እሱው ነው።"

አዲስ የምገዛበት አልነበረኝም። ዘንጉ ቆጣሪው ሥር ተቀበረ፣ ለማድቤቱም ሁለት ሙሉ ሽቦ ሄደለት።

እስከ እሑድ ድረስ እኔና አባቴ ከ"ምሳ ቀርቧል" እና ከ"መድኃኒትዎን ይዋጡ" በቀር አልተነጋገርንም። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ይናገሩ ይሆን አልኩ እንጂ አልጠየቅኳቸውም። ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ።

የእድሩ ስብሰባ በቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ነው፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ እንቀመጣለን። ጸሐፊው የሴትዮዋን ጥያቄ አነበበ። ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ።

"ላሜን የገደላት ኮረንቲ ነው" አሉ። "ኮረንቲውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ብረቱን በረት ውስጥ ቀብሬው ነበር። ከሞተች በኋላ አወቅኩ፤ አፍሬ ዝም አልኩ።"

ከዚያ አንድ ሽማግሌ "ጋሼ፣ የእርስዎን ላም ኮረንቲ ገደላት እሺ። የሌላውንስ?" አሉ።

"የማንን?" አሉ አባቴ። "ከእኔ ላም በፊት ሴትዮዋ ሰው ነካች ሲባል የሰማ አለ? ይነሣ።" የተነሣ የለም። "ከእኔ በኋላ የተባለው ሁሉ ከእኔ የመጣ ነው።"

እኔም ከኋላ ተነሥቼ "የመሰከርኩት እኔ ነኝ፤ ያየሁት ሴትዮዋ ላሚቱን ሲያደንቁ ነው፣ ሌላ ያየሁት የለም" አልኩ። ሁለት ሰዎች ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፣ አንዲት ሴት "የባሰም አለ" ብላ አጉረመረመች። ሌላው ለመቀበል እጁን አወጣ። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ጻፈ፤ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝና እስኪጽፍ ድረስ ዓይኔን ከብዕሩ አልነቀልኩም።

ሲያበቃ አባቴ ትከሻዬን ያዙና "እንሂድ፣ እንንገራት" አሉ። በአጥሩ ዞረን ሄድን። ከእኛ በር እስከ እርሳቸው በር ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ረግጠነው አናውቅም። ሴትዮዋ ደጃቸው ላይ ከሰል በማዳበሪያ ይሞላሉ። አባቴን ሲያዩ ደንግጠው ተነሡና ቁልቁል አዩ። አባቴ "አንቺ ንገሪያት" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እናቴ ባስተማረችኝ የካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ነገርኳቸው፤ ምድጃውን፣ ብረቱን፣ ዝናቡን፣ ላሚቱ የቆመችበትን ቦታ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ "እትዬ" አልኳቸው። ከዛሬ ጀምሮ እድር ውስጥ ነዎት፣ ጎረቤት ነው የሚቀብርዎት አልኳቸው።

ስለ እድሩ ያልኩትን የሰሙ አልመሰለኝም።

"ኮረንቲ ነው?" አሉ።

"ኮረንቲ ነው።"

"እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ አይደሉም፣ እትዬ።"

"አንቺ ልጅ፣ እርግጠኛ ነሽ? የሚያውቅ ሰው ነው ያለው?"

"ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ሰው ነው ያሳየኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።"

የከሰሉ ማዳበሪያ ላይ ተቀመጡ። እኔ ይቆጣሉ፣ ይረግሙናል፣ ባላቸውን ይጠሩብናል ብዬ ነበር የፈራሁት። "እኔም አምኜ ነበር" አሉ። "ሰው ሁሉ አንዴ ሲል ውሸት አይሆንም ብዬ። ሺሺንዳ ከተማ የተዳረችው ልጄ አምስት ወልዳለች። ይዛቸው ስትመጣ ጓዳ ገብቼ ፊቴን እሸፍን ነበር፤ እንዳልበላቸው። ኋላ መምጣቱንም ተወች። አንዳቸውንም አላየሁም።"

አባቴ ከዘራቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እንደ ልጅ ነበር የሚያለቅሱት። ሴትዮዋ አላዩዋቸውም። የሚያዩት በእጄ የያዝኩትን ስልክ ነው።

"ልጄ ጋ ደውዪልኝ" አሉኝ። "ልጆቹን ይዘሽ ነይ በያት። አያታቸው ልታያቸው ነው በያት።"

በተቀደደ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከጓዳ አመጡልኝና ደወልኩ። ልጅቱ አነሣች። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ እናቷ ምን እንዳሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

"የትኞቹን ልጆች?" አለች። "ትልቁ እኮ አግብቷል።"